ማዶ ነው ወዲህ?

መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ስመጣ ቦርሳዬ ጠፋ። ጎሃ ጽዮን ምሳ ስንበላ ነበረ፤ ደጀን ስንደርስ የለም። የጃፓን መኖሪያ ፈቃዴ ውስጡ ነው። ምትክ ለማውጣት ደግሞ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ባሕር ዳር እንደገባሁ አንድ ጣቢያ ሄድኩ።

«የት ነው የጠፋብህ?» አለ ተረኛው።

«አባይ በረሃ።»

«ማዶ ነው ወዲህ?»

መቼ አውቄ!

«ማዶ ከሆነ ኦሮሚያ ነው ወንድሜ። ወዲህ ከሆነ ደጀን ሄደህ አመልክት።»

እስክሪብቶውን እንኳ አላነሳም። የሚያናድደው ሰውየው ጨዋ መሆኑ ነው። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

እኔ የምኖረው ኦሳካ ነው። ጃፓንም ፖሊሱ አንድ አይደለም። 47ቱም አውራጃዎች የየራሳቸው ፖሊስ አላቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላማ ከተማው ሁሉ የየራሱን እያቋቋመ ወደ 1,600 ደርሰው ነበር። መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የፖሊስ ሕግ ነው። ሌባ የሚያሳድደው ያው የአውራጃው ፖሊስ ነው። ቶኪዮ ያለው ብሔራዊ የፖሊስ ኤጀንሲ ደግሞ ሥልጠናውን፣ የመገናኛ መስመሩንና የወንጀል መዝገቡን ያስተባብራል። የአውራጃዎቹ ከፍተኛ መኮንኖች ራሳቸው የማዕከላዊ መንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ኤጀንሲውንም የሚቆጣጠር ኮሚሽን ከላዩ አለ።

ይሄ ለተራው ሰው ምን ይጠቅመዋል? ኪዮቶ ቦርሳ ቢጠፋብህ ኦሳካ ሰፈርህ ያለችው ኮባን፣ ማለትም ትንሿ የፖሊስ ኬላ፣ ገብተህ ታመለክታለህ። ፎርም ትሞላለህ፣ ቁጥር ይሰጥሃል፣ በቃ። የወሰኑ ጣጣ የእነሱ ነው። መላእክት ናቸው አላልኩም፤ ክስ ሳይመሠርቱ እስከ 23 ቀን ሊያቆዩህ ይችላሉ።

እኛም ሕገ መንግሥቱ ላይ ሁለቱም አሉን፤ አንቀጽ 51 የፌዴራል ፖሊስ፣ አንቀጽ 52 የክልል ፖሊስ። ጎሃ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለውን አዲሱን የአባይ ድልድይ እንኳ የሠሩልን ጃፓኖች ናቸው። አውቶቡሱ ይሻገራል፤ አቤቱታዬ ግን አልተሻገረም። ለነገሩ እናቴ ገና በጠዋቱ «ሰው ፈልግ እንጂ ጣቢያ ምን ያንከራትትሃል?» ብላኝ ነበር።

አጎቴ ስልኩን አወጣ። ደጀን የሚያውቀው ሰው አለ። ያ ሰው ደግሞ ጎሃ ጽዮን የሚያውቀው አለ። «የእህቴ ልጅ እኮ ነው!» አለ ሁለት ጊዜ። ከሰዓት በኋላ ያው ተረኛ በዚያው እስክሪብቶ ጻፈልኝ፣ ማኅተሙም ተመታ። ማዶ ይሁን ወዲህ የጠየቀኝ የለም።

አጎቴን ጣና ዳር አሳ ጋበዝኩት። የኦሳካውን አሠራር አንድ በአንድ ሳስረዳው እሾሁን እየለቀመ አዳመጠኝና፣ «ምስኪኖች፣ አጎት የላቸውም እንዴ?» አለኝ።