የመኪና ግርግር ምሽትና የድሮ ሌንስ

በ0.95 እና በ1.2 የሚከፈቱ፣ ማለትም በጣም ብዙ ብርሃን የሚያስገቡ የድሮ የካሜራ ሌንሶች ዛሬ ከጌጥ አያልፉም የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። እኔ አልስማማም። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣውን የካኖን 50 ሚሊ ሜትር 1.2 ሌንስ ይዤ ሐረር ጀጎል ውስጥ ብዙ አምሽቻለሁ።

መኪና ግርግር ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የሚሠሩበት ጎዳና ነው፤ ስሙም ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ የመጣ ነው። ሲመሽ ልብስ ሰፊው በአንድ አምፖል ይሠራል። ፍላሽ ካበራችሁ ያ ሞቅ ያለ ብርሃን ድራሹ ይጠፋል። ካሜራዬ ሬንጅፋይንደር ነው፤ ፎከሱ በራሱ የርቀት መለኪያ ይስተካከላል፣ ፎቶ ሲነሳም ካሜራውን የሚያንቀጠቅጥ የሚዘል መስታወት የለውም። ትንፋሼን ይዤ በ1/30 ሰከንድ አነሳለሁ።

ችግሩ ፎከስ ነው። ሌንሱ ሙሉ ተከፍቶ ከ1 ሜትር ላይ ጥርት የሚለው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ፊልሜ የሰውየው ዓይን ደብዝዞ ጆሮው ጥርት ብሎ ወጣ። በጣም አበሳጨኝ! የካሜራው የርቀት መለኪያ ትንሽ ተዛንፎ ነበር። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ሜትር ዘርግታችሁ ሞክሩት። ሌንስ ስትገዙም ከኋላ በባትሪ አብሩበት፤ ውስጡ ጭጋግ ካለው ተዉት።

አስፈቅጄ ያነሳኋቸው አንድ አባባ መርፌ ላይ ክር እያስገቡ ነበር። ክሩና የአውራ ጣታቸው ጥፍር ቁልጭ ብለዋል፤ ከኋላ ያለው ግድግዳ ደብዝዞ ቀልጧል። ያቺን ፎቶ በምንም አልለውጣትም።