ካላስለቀሰ አልጸዳም

የንጽሕና ነገር ሲነሳ እኛን የሚያህል ሕዝብ ከየት ይመጣል? ሌላው ዓለም ቤቱ መጽዳቱን የሚያውቀው በዓይኑ አይቶ ነው። እኛ በዓይን ብቻ አንታለልም። ዓይናችን ካልቆጠቆጠ፣ ጉሮሯችን ካልከረከረ፣ እንግዳ በር ላይ ደርሶ ሁለት ሦስት ጊዜ ካላሳለ፣ ቤቱ ታጠበ እንጂ ጸዳ አይባልም። ለዚህ ማዕረግ ያበቃን ባለውለታ በረኪና ነው። ከድስት እስከ ደረጃ፣ ከጎመን እስከ ሽንት ቤት ሲያገለግለን ኖሮ በአደባባይ ያመሰገነው ሰው አላየሁም። ዕዳውን እኔ ልክፈል።

የአክስቴን ቤት ልውሰድ። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ባለፈው የትንሣኤ ዋዜማ ዶሮ ላደርስላቸው ብቅ ስል አክስቴ በሻሻቸው አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ለዘመቻ ተነስተዋል። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ሦስት የውሃ ፕላስቲኮች፣ ሁላችንም ሃይላንድ የምንላቸው፣ ተደርድረዋል። በአንዱ ከሱቅ በሊትር የተቀዳ በረኪና አለ። በሁለተኛው የሽንት ቤት አሲድ። ሦስተኛው ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ የመጠጥ ውሃ ነው። የሦስቱም ክዳን ሰማያዊ፣ የሦስቱም ይዘት እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ በአንዳቸውም ላይ ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም።

«እንዴት ነው የሚለዩአቸው?» አልኳቸው።

«አፍንጫ ለምን ተፈጠረ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን የሙያ ትምህርት ቤት አያስተምረውም። በመጀመሪያ በረኪናው ደረቁን ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ውሃ ከገባበት ኃይሉ ይሞታል። በላዩ ላይ አሲዱ ተጨመረ፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል። ለአረፋው ዱቄት ሳሙና፣ ለማዕረጉ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ተከተለ። በመጨረሻም አክስቴ እየሳሉ ወጡና በሩን ከውጭ ዘጉት።

«ለምን ይዘጋል?»

«ሽታው እንዳይባክን ነዋ!»

ይህ ሙያ እንዲሁ ከሜዳ የተገኘ አይደለም፤ የዘር ሐረግ አለው። በረኪና የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጣሊያንኛው «ቫሬኪና» ነው። የነገሩ መነሻ ደግሞ ፓሪስ ዳር የነበረችው የዣቬል መንደር ናት፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቤርቶሌ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ጨርቅ የሚያነጣ ፈሳሽ ያገኘበት ሥራ ከእርሷ ስም ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ዛሬ የምንገዛው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በውሃ ተበጥብጦ፣ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ ሆኖ ነው። ብቻውን ሲያዝ ጨዋ ነው። ከአሲድ ጋር ሲጋባ ግን ክሎሪን ጋዝ ይወልዳል። የቆየ ሽንት ላይ ደረቁን ሲፈስም ከአሞኒያው ጋር ተዋህዶ ክሎራሚን የሚባል ሌላ የሚያንቅ ልጅ ያወጣል።

ክሎሪን ጋዝን ታሪክ ያውቀዋል። ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም. ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ከተማ አጠገብ ምሽግ በያዙት የፈረንሳይ ወታደሮች ላይ የለቀቁት እርሱን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ኢፕር ላይ ሌላ መርዝ ተሞከረና በከተማዋ ስም ኢፕሪት ተባለ። ያንኑ ኢፕሪት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን አምጥቶ በወታደሩም፣ በገበሬውም፣ በከብቱም ላይ አዘነበው፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ያ ትውልድ ጋዝ ሲመጣበት ይሸሽ ነበር፤ ምን ያድርግ፣ ንጽሕና አልገባውም። ጣሊያን ጋዙን ይዞ ሲሄድ በረኪና የሚለውን ቃል ትቶልን ሄደ። የቀረውን እኛ በራሳችን ገንዘብ፣ በራሳችን መታጠቢያ ቤት፣ ያለ አንድ አውሮፕላን እያመረትን ነው። ከውጭ ጥገኝነት መላቀቅ ማለት እንዲህ ነው።

አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ደግሞ ነገር ማወሳሰብ ይወዳሉ። መጀመሪያ ወለሉን በሳሙና አጥቡት፣ አለበለዚያ በረኪናው ኃይሉን እድፉ ላይ ይጨርሰዋል ይላሉ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት፣ ከምንም ነገር ጋር አትቀላቅሉት፣ ደቂቃዎች ጠብቁት ይላሉ። ትዕግሥት ቢኖረን ወረፋ እንሰለፍ ነበር እንጂ ምን በረኪና አስገዛን! ብርሃን ያደክመዋልና በሚያሳይ ዕቃ አታስቀምጡት የሚልም አለ። በዚህ እንኳ አንስማማም፤ በሌላው ጉዳይ ግልጽነት ጎድሎን ስንወቀስ የኖርን ሰዎች በረኪናችንን ከነገላጣው መስኮት ላይ እናሰጣዋለን።

መስኮት ካልኩ አይቀር፣ ቤት ሲታጠብ መስኮት ቢከፈትስ የሚል የዋህ አይጠፋም። ወዳጄ፣ ብርድ የሚባል ነገር አልሰማህም? በዚህ ከተማ ወገቡን ብርድ የመታው፣ ፊቱን ብርድ ያጣመመው፣ ብርድ ገብቶበት አልወጣ ያለው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ክሎሪን መታኝ ብሎ የተኛ ዘመድ ግን ማን አለው? በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አሥራ ስድስት ሰው በአሥራ ሁለት ሰው ቦታ ተጠጋግቶ፣ ከኋላ አንዱ እያሳለ፣ ከፊት አንዱ እያስነጠሰ፣ መስኮት በጣት ያህል የከፈተ መንገደኛ የሚደርስበትን ግልምጫ የቀመሰ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ለበረኪና ብሎ መስኮት አይከፍትም።

ከበረኪና ቀጥሎ ምስጋና የሚገባው ፍሊት ነው። ፍሊት የአንድ የድሮ አሜሪካ የነፍሳት መርዝ የንግድ ስም ነበር፤ መርዙ ስንት ጊዜ ተለዋውጦ ስሙ ብቻ እኛ ዘንድ ቀረ። ጣሳው ላይ በደቃቅ ፊደል «ነፍታችሁ ውጡ፣ ከዚያ ክፍሉን አናፍሱ» ይላል። እኛ እራት በልተን፣ በር ቆልፈን፣ ሕፃኑን አስተኝተን፣ ብርድ ልብሱን ገልጠን ፍራሹ ሥር እንነፋና ራሳችንም እዚያው እንተኛለን። በረሮ ብቻዋን እንድትሞት መተው ከእንግዳ ተቀባይነታችን ጋር አይሄድም። በረሮዋ በበኩሏ የተማረች ናት፤ ከትውልድ ትውልድ መርዙን እየተላመደች መጥታ ዛሬ ጭጋጉ መሀል ቆማ ጢሟን ታጸዳለች። ከምድጃው ኋላ ያለውን ስንጥቅ መድፈን፣ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ማሠር፣ እራት የበላንበትን ትሪ ሳያድር ማጠብ ከጣሳው የበለጠ ያደክማታል። ግን ስንጥቅ መድፈን ሽታ የለው፤ ማን አየልኝ ይባላል?

ለወባ ትንኝ የመጣውን ዲዲቲ ጓዳ አስገብተው የባቄላ ዘብ ያደረጉትንም ጀግኖች ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ዓለም በ1993 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ ተሰብስቦ ዲዲቲ በሽታ የሚያስተላልፉ ነፍሳትን ለመከላከል ካልሆነ በቀር አይነካ ሲል ተፈራርሟል። ነቀዝ ግን ስቶክሆልም አልሄደም።

አያቴ ይህ ሁሉ ሥልጣኔ ሳይደርሳቸው ነው ያለፉት። ነጠላቸውን በእንዶድ ያጥቡ ነበር፤ ወተት እንደመሰለ እንድታውቁት ነው። የጠላውን ጋን በግራዋ ቅጠል ፈትገው በወይራ ያጥኑታል። የጠቆረ ድስት በአመድ ይሹታል፤ አመድ ውስጥ ያለው ፖታሽ ቅባት እንደሚያለቅቅ ማንም አልነገራቸውም፣ ድስቱ ግን ይነግራቸው ነበር። ምስኪን! እቤታቸው የገባ ሰው የሚሸተው የተቆላ ቡና ብቻ ነበር፤ ንጽሕናቸውን በምን ይመስክር?

በእንዶድ የተሳለቅን እኛ ብቻ መሆናችን ያኮራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። በዚህ ምርምር ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ስዊድን ላይ ተቀበለ። አሜሪካኖችም የውሃ ቧንቧቸውን የሚደፍን ባለ ቅርፊት ፍጥረት በእንዶድ ለመግደል የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። እኛስ? እንዶድ የሚሸጡትን እናት አልፈን ሱቅ ገብተን በረኪና ቀዳን። ሰው ሁሉ ያደነቀውን ማድነቅ ተራነት ነው።

ነገሩ ዞሮ ዞሮ በአውሮፕላን ተመለሰ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ስትመጣ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ጠርሙስ በሻንጣዋ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ይሄ ተፈጥሯዊ ነው፤ ከአሁን በኋላ መርዝ እቤታችን አይገባም» አለች። ጀርባውን አነበብኩት፦ ውሃ፣ አቼቶ፣ የሎሚ ልጣጭ ዘይት። አቼቶና ሎሚ ማለት ነው፤ አንዱ ሰላጣ ላይ ሌላው ጥሬ ሥጋ ላይ የምንጨምረው፣ በዶላር ተገዝቶ ውቅያኖስ የተሻገረ። ለማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ግን ግሩም ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። አክስቴም ስጦታውን አልናቁትም። ልጅቱ ወደ መኝታ ክፍል ዞር ስትል ጠርሙሱን ከፍተው በረኪናው ላይ ጨመሩት፤ አቼቶም አሲድ መሆኑን ማን ይንገራቸው? ተፈጥሯዊው ክሎሪን የዚያን ዕለት ከወትሮው ይልቅ ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር።

የልጅቱም ነገር ቢሆን ያለ ምስጋና አይታለፍም። «ከተፈጥሮ የመጣ ነገር አይጎዳም» ብላ በፍጹም ልቧ የምታምን ናት። በዚያው ምሽት ቡና ላፍላ አለችና ሳሎኑን ዘግታ፣ መጋረጃውን ስባ፣ ምድጃ ሙሉ ከሰል አቀጣጥላ፣ እጣኑን እፍኝ እፍኝ ለቀቀችው። ከሰል ከእንጨት፣ እንጨት ከዛፍ፣ ዛፍ ከመሬት፤ ከዚህ በላይ ተፈጥሯዊ ምን አለ? የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድም እንዲሁ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ዓይን አያስለቅስም። ለዚህ ነው ሰው የማይፈራው፤ በበረኪና ሚዛን ቢለካ ከሰል የሞላበት ክፍል ንጹሕ ሊባል አይችልም፣ ማንም አያስልበትም፣ ዝም ብሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ከቤት ውስጥ ጭስና ብክለት የተነሳ እንደሞቱ ይገምታል፤ ብዙዎቹ የተፈጥሮ እንጨት፣ የተፈጥሮ ከሰልና የተፈጥሮ ኩበት ሲያነዱ የኖሩ ናቸው። መርዘኛው አጤ ፋሪስም በየአጥሩ ሥር ማንም ሳይዘራው ነው የሚበቅለው። እንዶዱም ቢሆን ለነጠላ እንጂ ለጉሮሮ አልተባለም። በዚያ ምሽት ራሴን ሲያመኝ አክስቴ መስኮቱን ሳይሆን መድኃኒት የሚያስቀምጡበትን መሳቢያ ከፈቱልኝ።

ወደ ትንሣኤ ዋዜማው ልመለስ። መታጠቢያ ቤቱ ተዘግቶ ሽታው በበሩ ሥር ወደ ሳሎን ሲሠራጭ ጎረቤታቸው ወንፊት ሊዋሱ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው አሳሉ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እንደገና አሳሉ። ከዚያ እንባቸው ገና ሳይደርቅ «አቤት! ቤትሽ እንዴት ጸድቷል በሞቴ!» አሉ። የአክስቴ ፊት በራ። ወንፊቱን ብቻ ሳይሆን ዘነዘናውንም ጨምረው ሰጧቸው።

እኔንም ሳሉ ያዘኝ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ውሃ ስጡኝ ለማለት እጄን አወዛወዝኩ። አክስቴ ደንግጠው ሮጡና ከእጅ መታጠቢያው ሥር ሁለት ሃይላንድ ይዘው ተመለሱ። የአንዱን ክዳን ከፍተው አፍንጫቸው ሥር ያዙት። ሁለተኛውን ከፈቱ። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ሳቡ። ከዚያ ሁለቱንም ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«እስኪ አንተ አሽተው ልጄ» አሉኝ። «እኔ እንደሆነ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ጉንፋን ይዞኝ አልለቅ ብሎኛል፤ ቡናውም እንኳ አይሸተኝ።»