ሙጫውን በጆንያ ሸጠን መድኃኒቱን በጠርሙስ እንገዛለን

ፋርማሲ ስማር ከላብራቶሪ የማይረሳኝ አንድ ድምፅ አለ። ሙቀጫ ውስጥ 4 እጅ ዘይትና 1 እጅ የግራር ሙጫ ዱቄት እናደርጋለን። 2 እጅ ውሃ ባንዴ ይጨመርበታል። ከዚያ ክንድ እስኪዝል ማሸት ነው። መጀመሪያ ዘይቱ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ቆይቶ ድንገት ይነጣና ከዘነዘናው ስር ጠቅ ጠቅ ማለት ይጀምራል። መምህራችን ሳያዩት በድምፁ ብቻ ያውቁት ነበር። «ያዘ!» ይሉናል።

እርቁን ያወረደው ሙጫው ነው። ሙጫ ፖሊመር ነው፤ እርስ በርሱ የተያያዘ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ማለት ነው። ሰንሰለቱ ላይ ጥቂት ፕሮቲን አለ። ፕሮቲኑ የዘይቷን ጠብታ ይይዛል፣ የስኳሩ ክንዶች ደግሞ ወደ ውሃው ይዘረጋሉ። ሁለት ጠብታዎች ሲጠጋጉ ክንዶቹ አላቀራርብ ይላሉ። ዘይቱ ተሰብስቦ እንዳይንሳፈፍ የሚያደርገው ይሄ ነው። እንዲህ ያለው ድብልቅ ኢሙልሽን ይባላል።

ለመድኃኒት ለምን ያስፈልጋል? ብዙ መድኃኒቶች ውሃ ውስጥ አይሟሙም፣ የሚወዱት ቅባት ነው። ለወባ የምንሰጠውን ኮአርተም ውሰዱ። ታብሌት ነው፤ ውስጡ ያለው ሉሜፋንትሪን ግን ቅባት ካላገኘ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ስለዚህ እናቲቱን «ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጪው» እንላታለን። ልጁ በትኩሳት ነዶ፣ የጎረሰውን ሁሉ እየመለሰ፣ ምን ሊበላላት ነው? እንዲህ ያለ መድኃኒት ዘይቱን ራሱ ይዞ ቢመጣስ?

በጠርሙስ ቢመጣ ችግሩ አያልቅም። ውሃ ባለበት ጀርም ይራባል፣ መከላከያ ኬሚካል ይጨመራል። ሙቀትና የመንገድ ንቅናቄም አለ። አንድ ጊዜ በሠራሁበት መድኃኒት ቤት ካርቶን ስከፍት ጠርሙሶቹ ሁሉ ከላይ ዘይት፣ ከታች ውሃ ሆነው አገኘኋቸው። ጠብታዎቹ ሳይቀላቀሉ ወደ ላይ ብቻ ወጥተው (ክሬም ሠርተው) ቢሆን ተነቅንቆ ይመለስ ነበር። ጠብታዎቹ ተቀላቅለው ኢሙልሽኑ አንዴ ከተሰበረ ግን ብትነቀንቀው አይመለስም። ያን ሁሉ ጠርሙስ ለማስወገድ መዝግቤ ለየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙስ ባየሁ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ውሃውን ለምን እናጓጉዛለን?

መልሱ ደረቅ ኢሙልሽን ነው፤ ውሃው ወጥቶለት ዱቄት የሆነ ኢሙልሽን ማለት ነው። ምሳሌው እዚሁ ጓዳችን አለ። የዱቄት ወተት ጣሳ ክፈቱና አንድ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ላይ በትኑ። ዱቄት የነበረው ተመልሶ ወተት ይሆናል፣ ቅባቱም ተለይቶ አይንሳፈፍም። መድኃኒትም እንዲሁ ይሠራል። ዘይቱ፣ መድኃኒቱና ፖሊመሩ ከውሃ ጋር ይደባለቃሉ። ድብልቁ ስፕሬይ ድራየር በሚባል ማድረቂያ መሣሪያ ሞቃት አየር ውስጥ ይረጫል፣ እያንዳንዷ ጠብታ በቅጽበት ትደርቃለች።

ፖሊመሩ እዚህ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል። እርጥብ ሳለ አዋሃጅ ነው፣ ሲደርቅ ደግሞ ተሸካሚ። ዘይቷን እንደ ግድግዳ ዙሪያዋን ያጥራታል። ትናንሾቹ ሳሙና መሰል አዋሃጆች ብቻቸውን ሲሆኑ ይሄን አይችሉትም። ውሃው ሲወጣ ግድግዳ የሚሆን አካል የላቸውም፣ መጠናቸው ሲበዛም አንጀት ያስቆጣሉ። ከእንጨትና ከጥጥ ሴሉሎስ የሚሠራው ኤችፒኤምሲ የተባለው ፖሊመርም ሁለቱንም ሥራ ይችላል። ታብሌት ለመሸፈን የሚጠቀሙበት ፋብሪካዎች ያውቁታል፣ አዲስ እንግዳ አይደለም። ከስታርች የሚሠራው ማልቶዴክስትሪን ደግሞ ተሸካሚነቱ ጥሩ ነው፣ ማዋሃድ ላይ ግን ደካማ ስለሆነ አጋዥ ይፈልጋል።

የላብራቶሪ ሕልም ነው እንዳይባል፣ ዱቄትና ስኳር ላይ የሚጨመረው ቫይታሚን ኤ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ዘይቱ በሙጫ፣ በጄላቲን ወይም በተሻሻለ ስታርች ታጥሮ ነው የሚደርቀው።

የሚያንገበግበኝ ሙጫው ከደጃችን መሆኑ ነው። የሙጫ ግራር ቦረና አለ፣ ሶማሌ ክልል አለ፣ ደቡብ ኦሞ አለ። ከድርቅ ጋር የሚታገለው አርብቶ አደር ይለቅመዋል፣ በጆንያ ይወጣል፣ አብዛኛው ሳይቀነባበር ይሸጣል። ዓለም ግን ዋጋውን ያውቃል። አሜሪካ በ1990 ዓ.ም. የሙጫ ዋና አቅራቢ በሆነችው ሱዳን ላይ ማዕቀብ ስትጥል እንኳ ለሙጫው በር ትታለት ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እዚያ ጦርነት ሲነሳ የለስላሳ መጠጥ አምራቾች ሳይቀሩ ተጨነቁ።

ሙጫ ተለቅሞ ዕለቱን መድኃኒት ውስጥ አይገባም። ከዛፍ ዛፍ፣ ከወቅት ወቅት ይለያያል። አሸዋና ልጥ ይኖርበታል፣ ጀርምም እንዲሁ። ማጠብ፣ ማጣራት፣ መመርመር፣ በየደረጃው መለየት ይጠይቃል። ብዙዎች «ስለዚህ ከውጭ ይግባ» ብለው የሚያቆሙት እዚህ ጋር ነው። እኔ ደግሞ ሥራው የሚጀምረው እዚህ ነው እላለሁ። ሥራው የሚፈልገው ፋርማሲስት፣ ኬሚስትና ላብራቶሪ ነው፤ ሦስቱም አሉን።

ፋብሪካ እስኪቆም መጠበቅም የለብንም። የፋርማሲ ትምህርት ክፍሎች ለመመረቂያ ሥራ አንድ ዓይነት ዘይት ይውሰዱ። አንዱን በቦረና ሙጫ፣ አንዱን በኤችፒኤምሲ ያድርቁት። ሁለቱንም በ40 ዲግሪና በ75 በመቶ እርጥበት 6 ወር ያስቀምጡ። ከዚያ ውሃ ጨምረው የጠብታዎቹን መጠን ይለኩ። መጠኑ ከመድረቁ በፊት ከነበረው ካልራቀ ግድግዳው ይዟል ማለት ነው። ውጤቱ የቦረና ሙጫ ሰነፍ ነው ቢል እንኳ፣ የትኛው ወቅት ላይ ተለቅሞ፣ ምን ያህል ታጥቦ እንደሰነፈ ተጽፎ ይቀመጥልን።