እርማት፦ የማሳደጊያ ልጅ ሁሉ ወላጅ አልባ አይደለም

እህቴ፣ ካምቦዲያ ሄደሽ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ማሰብሽ ደስ ይላል። ግን «እዚያ ያሉት ልጆች እናትም አባትም የላቸውም» ያልሽው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ዩኒሴፍ እንደሚለው ማሳደጊያ ካሉ ከአራት ልጆች የሦስቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ወላጃቸው በሕይወት አለ። ማሳደጊያ የሚያስገባቸው በአብዛኛው ድህነት ነው፤ «እዚያ ቢማርልኝ» የሚል የወላጅ ተስፋም አለበት።

እንደ ፈረንጆቹ ከ2005 እስከ 2010 ድረስ የማሳደጊያዎቹ ቁጥር በ75 በመቶ ጨመረ። ወላጅ አልባው በዝቶ አይደለም፤ ቱሪስቱና ከውጭ የሚገባው ገንዘብ በዝቶ እንጂ። እንደ ሲየም ሪፕ ባሉ የቱሪስት ከተሞች የበዙትም ለዚሁ ነው። አንዳንዶቹ ዘንድ ልጆቹ ማታ ማታ ለእንግዳ ይጨፍራሉ፤ ከዚያ የመዋጮ ሣጥን ይዞራል።

ውሎውም እንደ ፎቶው አይደለም። ገና በሩን ስትገቢ፣ አይተውሽ የማያውቁ ሕፃናት ሮጠው ይጠመጠሙብሻል። ያምራል፣ አይደል? ባለሙያዎች ግን ይህን ቋሚ አሳዳጊ ከማጣት ጋር ያያይዙታል። ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ትሄጃለሽ። ሌላ ፈቃደኛ ይመጣል፤ የእንግሊዝኛው ትምህርት እንደገና ከ«ኤ» ይጀመራል። (የተሰናበተ ሰው ብዛት ለልጆቹ ብቻ ነው የሚታወቀው።)

መርዳቱን ተዪ አላልኩም። ልጆችን ከቤተሰባቸው ጋር ለማቆየት የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ፤ ለእነሱ ገንዘብ አዋጪ። ሙያ ካለሽ ደግሞ የአገሬውን ሠራተኞች አሠልጥኚ፤ እነሱ እዚያው ይቆያሉ።