ሁለተኛ ንግሥት ይፈቀዳል፦ ስለ ወታደር መቀየር አንድ እርማት

ሰላም ጎረቤቶች። እዚህ ኮዬ ፈጬ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚሰጠው የጀማሪዎች ቼዝ ትምህርት የጻፋችሁትን ሳነብ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን ላርም። «ወታደር መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ የሚቀየረው በተበላ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ንግሥታችሁ ካልተበላች ሌላ ንግሥት አይፈቀድም» የሚል ሐሳብ እየተደጋገመ ነው።

ትክክል አይደለም። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግ፣ አንቀጽ 3.7፣ ምርጫው በተበሉ ድንጋዮች እንደማይገደብ በግልጽ ይናገራል። ንግሥት፣ ሩክ፣ ቢሾፕ ወይም ፈረስ፤ የፈለጋችሁትን ነው። 8ቱም ወታደሮች ቢሻገሩ 9 ንግሥት ሊኖራችሁ ይችላል።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ለየቀለሙ ያለችው አንዲት ንግሥት ናት። ሁለተኛ ስትታጣ ሰው «አይቻልም» ብሎ ይደመድማል። ሰፈር ውስጥ ከተስማማን ሩክ ገልብጠን ንግሥት እንላታለን። ውድድር ላይ ግን የተገለበጠ ሩክ ያው ሩክ ነው። እዚያ ሰዓቱን አቁሞ ዳኛውን ንግሥት መጠየቅ ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ስልካችሁ ላይ ባለ የቼዝ መተግበሪያ ንግሥታችሁን ሳታስበሉ አንድ ወታደር አሻግሩ። ሁለተኛ ንግሥት ታገኛላችሁ።

ጉዳዩ ቀላል አይምሰላችሁ። «አይፈቀድም» የተባለ ልጅ ስንት ለፍቶ ያሻገረውን ወታደር ፈረስ ያደርገዋል፤ በእጁ የነበረው ጨዋታም አቻ ይወጣበታል። ያሳዝናል። ቤት ውስጥ ልጆች የምታስተምሩ እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ ከቅዳሜ በፊት ይህቺን አስተካክሉላቸው።