ድል ብቻ ቲፎዞ አያፈራም

ስለ ጣሊያኑ የመኪና አምራችና የውድድር ቡድን ስለ ፌራሪ የጻፉት ጸሐፊ «ሰው የፌራሪ አፍቃሪ የሚሆነው በፈረስ ጉልበቱና በድሉ ብዛት ነው» ማለታቸው አላሳመነኝም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቲፎዞው ገና ድሮ በተበተነ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጆዲ ሼክተር በ1979 ዋንጫውን ካነሣ በኋላ ሚካኤል ሹማኸር በ2000 እስኪደግመው ድረስ አንድም የፌራሪ አሽከርካሪ የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ሻምፒዮን አልሆነም። ሃያ አንድ ዓመት! የጣሊያኗ የውድድር ሜዳ ሞንዛ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን የፌራሪን ቀይ እንደለበሰች ነበረች።

ቲፎዞን የሚሠራው እንደ 1988 ያለ ዓመት ይመስለኛል። ተቀናቃኙ ቡድን ማክላረን ከ16 ውድድሮች 15ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ነሐሴ ላይ የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ዐረፉ። ወር ሳይሞላ፣ ሞንዛ ላይ፣ ሲመራ የነበረው የማክላረኑ አይርተን ሴና ሁለት ዙር ሲቀረው በሙሉ ዙር ሊቀድመው ከነበረ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወጣ። የፌራሪዎቹ ጌርሃርድ በርገርና ሚኬሌ አልቦሬቶ ተከታትለው ገቡ፤ አልቦሬቶ ደግሞ እዚያው አጠገብ የሚላን ልጅ ነው። ማክላረንን ያመለጠችው አንዲት ውድድር ይህችው መሆኗ! ይህን በዓይኑ ያየ ሰው የፈረስ ጉልበት ምን ያደርግለታል?

በዚያ ላይ ፌራሪ ሲያሸንፍ የፌራሪ መቀመጫ የሆነችው የማራኔሎ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል። ያን እየሰማ ያደገ ሕፃን የሞተሩን ሲሊንደር መቁጠር ሳይችል ወገኑን ለይቷል። ጸሐፊው ስለ መኪናው ዋጋ ብዙ ብለዋል፤ ከእነዚህ ቲፎዞዎች አብዛኞቹ ግን መሪውን የመጨበጥ ዕድል እንኳ የላቸውም። ገዢና አፍቃሪን ባይቀላቅሉብን ጥሩ ነበር።