ለአንዲት ማነጣጠሪያ ይሄ ሁሉ?

አሁንስ ሰለቸኝ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ኖቬምበር ላይ የአጋዘን አደን ሲከፈት የምይዘው አሮጌ ዊንቸስተር 94 ጠመንጃ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1951 ኒው ሄቨን የተሠራ፣ ባለ 30-30 ጥይት። ብረቱ ደህና፣ እንጨቱ ደህና። የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ያለችው ትንሽዬ ዶቃ ግን ተሰብራ ወደቀች።

ቀላል መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ያዘዝኩት ምትክ ማነጣጠሪያ "መሠረቱ 3/8 ኢንች ነው" ተብሎ መጣ። አፈሙዙ ጋ መሠረቱ የሚገባበት ቦይ ውስጥ ሳስገባው በጣት ይንሸራተታል። ሁለተኛውም 3/8 ነው፤ እሱ ደግሞ ከግማሽ አልገባ አለ። ሦስተኛው፣ ጠፍጣፋው፣ ልክክ አለ። ደስ ብሎኝ ተኩስ ሜዳ ወሰድኩት። በ50 ያርድ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል! ለካ ቁመቱ ረዝሟል፤ የፊቱ ከፍ ሲል ጥይቱ ዝቅ ይላል። ሻጩ "ለ94 ይሆናል" ይላል እንጂ ቁመቱን የት ጽፎ!

ከሁሉ ያበሸቀኝ የጠመንጃ ጠጋኙ ነው። "ላዩን በስተን የማነጣጠሪያ መነጽር እንግጠምለት" አለኝ። የዚያ ዘመን 94 ቀለሁን የሚተፋው እኮ ወደ ላይ ነው። መነጽሩ መሀል ላይ ከተቀመጠ ቀለሁ ይገጨዋል። ደግሞ አንዴ ከተበሳ ዋጋው ወደቀ ማለት ነው። ከ70 ዓመት በላይ ሳይነካ የኖረ ብረት እንዴት ይበሳል?

ስለዚህ ማታ ማታ ሦስተኛውን በደቃቅ ሞረድ እየሞረድኩ ነው። ሁለት ጊዜ ሞርጄ ሁለት ጊዜ ሜዳ ሄጃለሁ። አሁንም አንድ ጣት ይቀረዋል።